ከመቶ ሠላሳ ሰባት

ቡሳን፣ የታኅሣሥ ማታ፤ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሚዛን እንደ ያዘ ነጋዴ በሰው ልጅ ውጤት የምጨነቅ፣
ዕድል መዛኝ ነኝ እኔ፤ በሰዓት ነው ክፍያዬ፣
የአምናን የካቻምናን ተፈታኝ በነጥብ በነጥብ ለቅሜ ከግድግዳዬ ሰቅዬ።
የገባው ሰማያዊ ነው፣ የቀረው ደግሞ ቀይ፤
ስም የለም እዚያ ሰሌዳ ላይ።

ገቡ ከደጅ፣ እናትና ልጅ።
ልጅቷ ኦ ሃራም ትባላለች፤ ጣቷ ላይ የእርሳስ ጠባሳ፣
ዓይኗ ሥር የሦስት ዓመት እንቅልፍ፣ ያልተከፈለ አበሳ።
እናቷ ኩ ማልሱን፣ ዓሣ ሻጭ ናት ከወደቡ ገበያ፤
ሽታው እንዳይደርሰኝ ብላ ወንበሯን ሳበች ወዲያ።

«ቁርጡን ንገረን» አለች እናት፣ «ማር ሳትቀባ፣ ሳታሳምር፤
ሦስት በር ነው ማንኳኳት የተፈቀደልን፤ የቱን እንሞክር?»

ውጤቷን አስገባሁ፤ ሒሳቡን፣ ሳይንሱን፣ ቋንቋውን ደርድሬ፣
«ሴኡል፣ የእንስሳት ሕክምና» ስል ጻፍኩ፣ ዓይኔን ሰብሬ።
ማሽኑ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ጉሮሮውን ጠራርጎ
አንዲት ወረቀት ተፋ፣ ፍርዱን በአንድ መስመር አድርጎ፦
ከመቶ ሠላሳ ሰባት።

ዝም አልን።

«ሠላሳ ሰባቱ የቱ ነው?» አለች ሃራም። «ክንዴ ነው? እግሬ ነው?
የትኛው ገላዬ ነው የሚገባው?
ስልሳ ሦስቱስ የት ይደር?
በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ? ወይስ ዓሣ ሊሸጥ ይመለስ፣ ከሰፈር?»

የለመድኩትን መለስኩ፦ «አንቺን የሚያካክሉ መቶ ልጆች ቢሰለፉ፣
ሠላሳ ሰባቱ ናቸው ደፉን የሚያልፉ።»
«እኔን የማህለው እኔው ነኝ» አለች፤ አልነበረም ትዕቢት፣
ሰሌዳ ላይ እንዳየ ተማሪ ነው፣ የመምህሩን ስሕተት።

እናት ወረቀቱን አነሣች፤ መዳፏ ላይ አኑራ መዘነችው፤
ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው።
«ሠላሳ ዓመት መዝኛለሁ» አለች፣ «የእኔም እንጀራ ይኸው ነው፤
ነፍስ ያለው ዓሣ ሚዛን ላይ አይረጋም፤ መርፌው ይዘላል፣ ቁጥሩ ውሸት ነው።
የሚረጋው ሲሞት ነው።»
ከዚያ ክፍያዬን ቆጠረች። እርጥብ ነበር ገንዘቡ።

ያልነገርኳቸው ነገር አለ፦ እኔም ሦስቴ ተፈትኜ፣ ሦስቴ ከደጁ ተመልሼ፣
በሌላ መዛኝ ግድግዳ ላይ ቀይ ነጥብ ነኝ። ድምፄን አለስልሼ
«እዚሁ ቡሳን ያለው ይሻላል፤ ሰማንያ ሁለት ነው» አልኩ፣ ልምከር ብዬ።
አመሰገኑኝ።
ሄደው ሠላሳ ሰባቱን አንኳኩ፣ ትተው ሰማንያ ሁለትዬን፣ ትተው ምክሬን።

የካቲት። ተጠባባቂ ናት፤ ቁጥሯ ዘጠኝ።
ከፊቷ ያለ አንዱ ሌላ በር ሲከፈትለት ወረፋው ይላላል፤
የማታውቀው ልጅ እምቢታ ለእሷ መሰላል ይሆናል።
ስምንት። ስድስት። ሦስት ቀን ያልተነቃነቀ አራት።
ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ የሚደወለው እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት፤
ስልክ ያላነሣ ተራው ለሌላ ያልፋል፤
ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ቁጥሯ አንድ ላይ ቆሟል።

ምን ሥራ አለኝ እዚህ? ሂሳቡ ተዘግቷል፣ ደረሰኝም ሰጥቻለሁ፤
ግን ዓሣ የምገዛ መስዬ ገበያው መሐል ቆሜያለሁ፤
ኪሴ ውስጥ ሁለት ነጥብ፣ ቀይና ሰማያዊ፣ በጣቴ አሻሻለሁ።

ሃራም ከኋላ በረዶ ትከሰክሳለች፤ ቀና አትልም።
እናቷ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልላ አንገቷ ላይ አስራዋለች፤
«ስንት ኪሎ?» አለችኝ። ወይ አላወቀችኝም፣ ወይ አውቃ ትታኛለች።
«ያንን» አልኩ፣ ትንፋሽ ያለውን፣ ከገንዳው ጥግ።
አውጥታ ሚዛኑ ላይ ጣለችው። ጅራቱን መታ፤
መርፌው ዘለለ፣ ወረደ፣ ዘለለ፤
ሁለታችንም ቁጥሩን አላየን፣
ዓይናችን አንገቷ ላይ፣ ላስቲኩ ላይ ነበረ።