ወለል

አባቴ ፊንታን፣ የወደብ ሰው፣ ጥርሱን ነክሶ የሚኖር፣
ክንዱን የበላው የመረብ ማንሻ፣ የጥቅምት ማዕበል ነበር።
ጣቶቹ ደኅና፤ አሥሩም አሉ፤ ይጨብጣሉ፣ ይነካሉ፤
ክንዱ ግን ዛገ፣ እንደ ማጠፊያ፤ ሐኪሞች «እንዲህ ይቀራል» አሉ።

ባለ አቁማዳ ዋሽንቱ ደግሞ የሁለት ክንድ ጉልበት ይሻል፤
ቀኙ ወናፉን፣ ግራው አቁማዳውን ካልጨመቀ፣ ትንፋሹ ከየት ይመጣል?
ሣጥን ውስጥ ከተተው፣ ከነወናፉ፣ ከነቆዳው፤
ባንድ እጁ ገፋው አልጋው ሥር፣ እንደ ሟች ልብስ ሊረሳው።

የቆርቆሮ ዋሽንት ገዝቼ ሰጠሁት፤ ስድስት ቀዳዳ፣ አሥር ዩሮ።
ነፋ። አቆመ። ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ አንገቱን ሰብሮ።
«ዜማው አለ» አለኝ፤ «ቤቱ ቆሟል፤ ግድግዳው፣ ጣራው፣ መስኮቱ፤
ወለሉ የለም። እግሬን የት ላሳርፍ? ታች ገደል ነው ቤቱ።»

ወለል የሚለው ያን ድምፅ ነው፤ ከዜማው ሥር የሚተኛውን፣
የማይወጣ፣ የማይወርድ፣ ባንድ ቃል አዳሪውን፣
ዜማ ሄዶ ሄዶ ሲደክመው ተመልሶ የሚደገፈውን።

እኔ የሞተር ጠጋኝ፣ ግራንያ፣ የዚህ ሰውዬ ልጅ፣
ሞተር ማድመጥ የተማርኩት ከዚያ ድምፅ ነው እንጅ
ከመጽሐፍ አይደለም። ጀልባ ታሞ ሲያጓራ፣ ጆሮዬን ከብረቱ ሳስጠጋ፣
«ከወለሉ ወርዷል» እላለሁ፤ ደንበኛው ምን ይግባው? ይሥቃል፣ ዋጋ
ይጠይቃል።

ፍለጋ ወጣሁ። ጎልዌይ ከተማ፣ የሙዚቃ ዕቃ ቤት፣
«ወለሉን ይዞ የተወለደ ዋሽንት አለ?» ብዬ ጠየቅሁት።
ሻጩ ጢሙን አከከ፤ ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ አወረደ፣
ከባልካን ተራራ የመጣ፣ መንታ አፍ፣ ባንድ ግንድ የተዋሐደ፤
የተቀረጸ፣ ያማረ፤ ግን ቅኝቱ የኛን ዜማ አያውቅም፣
እንግዳ ነው፤ ቢያስተናግዱትም ቀልድ አይገባው፣ አይሥቅም።

ተመለስኩ። ጋራዥ ገባሁ።
ሁለት የቆርቆሮ ዋሽንት፣ አንድ ጥቅል ጥቁር ናስትሮ፣ ሞረድ፣
መብራት ሲጠፋ የምንለኩሰው ሻማ።
የአፋቸውን ጎን ሞረድኩት፣ እንደ መንታ ከንፈር እስኪገጥም፤
የአንዱን ስድስት ቀዳዳ ደፈንኩ፣ ሻማውን አቅልጬ፣ በሰም።
አንጥረኛ ቢያየኝ ይሥቅ ነበር፤ እሱ ዘንድ ሰሙ ይፈሳል፣
ወርቁ ይቀራል። እኔ ዘንድ ሰሙ ቀረ፤ ቆርቆሮው ይበቃኛል።
አንደኛው አፏጨ፤ ሁለተኛው አለቀሰ፤ ሦስተኛው ትንፋሽ በላ፤
በአራተኛው ሌሊት ተስማሙ፦ አንዱ ይራመዳል፣ አንዱ ይቆማል ከኋላ።

ወሰድኩለት። ምንም አላለም። ጣቶቹን ካንዱ ላይ ደረደረ፤
ትንፋሹ ለሁለት ሲከፈል፣ በወጥ ቤታችን ድንጋይ ላይ ሌላ ወለል ተጨመረ።
ዝግ ያለ ዜማ ነው፤ ታች ታች ሄደ፤ ዐይኑን ጨፈነ፤
ከዚያ ሽቅብ ሊወጣ ትንፋሹን ሲያበረታ፣ ጉድ ሆነ፦
ወለሉም አብሮት ዘለለ! ካንዱ ፎቅ ወደ ላይኛው፣ ባንድ ጊዜ፤
ሰም አላገደው፣ ናስትሮ አልያዘው። አቀረቀርኩ በትካዜ።
«ስጠኝ» አልኩት፤ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ትንፋሽ ሲበረታ ሁለቱም ይሰማል፤
ሌላ ልሥራ፤ በቀጭን መሰርሰሪያ ትንሽ ባስተነፍሰው ይስተካከላል።»

አባቴ ሳቀ። ከጥቅምት ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀ።
«ቤት መስሎሽ ነው?» አለኝ፤ «ቤትማ ወለሉ ከተነቃነቀ
ይፈርሳል። እስኪ አስቢው፤ እኔ ዕድሜዬን ምን ላይ ቆሜ ኖርኩ?
የሚነሣ፣ የሚወድቅ ወለል… ጀልባ እኮ ነው ልጄ! አወቅኩ፣
አወቅኩት ይህን።»

ደግሞ ነፋ። በትንፋሹ ሙቀት ሰሙ ላላ፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ
ጠብታ ሆኖ ሊሾልክ ሲል፣ አውራ ጣቴን ሰደድኩ ከላይ፤
ጫንኩት። በሩ ወለል ብሎ፣ የጨው ነፋስ እየገባ፣
ጎን ለጎን ቆምን፤ እሱ ሲነፋ፣ እኔ ስደፍን።
የሞተር ዘይት ካለቀቀው ጣቴ ሥር ሲነዝር ሰማሁ።
ከወለሉ አልወረደም።
ዋጋ የጠየቀኝም አልነበረም።