ጎሽ ማለት

ከሁላ ረግረግ ዳር ፀሐይ ስታዘቅዝቅ፣
ደንገሉ ሲንሾካሾክ፣ ሽመላው ሲርቅ፣
ቦዩን እከፍታለሁ፤ ቁልፉ እጄ ላይ ዝጓል፤
ጎሾቹ ጭቃ ውስጥ አገጫቸው ሰጥሟል።
ጆሯቸው ላይ ቁጥር፣ ቢጫ፣ የፕላስቲክ፤
እንደኔው መጤ ናቸው፣ የፋይል ቤት ታሪክ።
እዚህ ጃሙስ ይሏቸዋል፤ እኔ ግን ከልቤ
ጎሽ እላቸዋለሁ ወደ አጥሩ ቀርቤ፤
አንድ ቃል፣ ሁለት ፊት፤ አውሬም ምርቃትም።

ከኪርያት ሽሞና ተማሪዎች መጡ፤
አንዱ ጠየቀኝ፣ ጣቱን አጥር ውስጥ ሰዶ፦
«አንበሳ የሚገድል ጎሽ የሚሉት ይሄ ነው?»
«አይደለም፣ ልጄ፤ ይሄ ያጎቱ ልጅ ነው፤
ሣር እንዲያጭድልን ተቀጥሮ የመጣ፣
በቁጥሩ ሲጠሩት ከረግረግ የሚወጣ።
ያኛው እዚህ የለም።»

ያኛውን የሚያውቀው አባቴ ጓንጉል ነው፣
በዲንደር በረሃ ዱካ ያነበበው።
«ጎሽ ያቆሰለ ሰው ጥላውን ይፈራል፤
ሸሸ ሲሉት አውሬው በጓሮ ይዞራል፤
ከራሱ ዱካ ጎን፣ ቁጥቋጦ ጥግ አርጎ፣
ቆሞ ይጠብቅሃል፣ ትንፋሹን ሸሽጎ።
ዓይኑ ደከም ያለ፣ አፍንጫው ግን ዳኛ፤
ነፋስ ሽታህን ካወራ፣ በል አትተኛ።
ቀንዱ ግንባሩ ላይ ገጥሞ እንደ በር መዝጊያ፣
ለጥይት ተዳፋት፣ ለአንበሳ መውጊያ።
ጀርባው ላይ ያለች ወፍ መዥገር ትለቅማለች፤
ቁስል ካገኘች ግን ደሙን ትጠጣለች።
ወዳጅም እንዲህ ነው» ይልና ይስቃል፣
ጥርሱን ያጣ አፉን በእጁ ይከድናል።

«ሽማግሌው ኮርማ፣ መንጋው ሲፈጥንበት፣
ይለያል፤ አይጣላም፤ ማንም አያለቅስለት።
ሁለት ሦስት እኩያ፣ አንድ የጭቃ ጉድጓድ፣
ቀን ሙሉ ዝም ማለት፣ ሲነኩት ግን መንደድ።»
(ይህን ሲነግረኝ ከሕንጻችን ሥር፣
ከሁለት እኩዮቹ ጋር፣
አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር።)

«አለቃ የላቸውም። ሊመሽ ሲል ላሞቹ
ከተኙበት ስፍራ ይነሳሉ፣ አንዳንዶቹ፤
አንገት ቀና አርገው ወዳንዱ ጎን ያያሉ፣
ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ይተኛሉ።
አንዷ፣ ሌላዋ፣ ሦስት። ኮርማ አይቆጠርም።
ብዙ ዓይን ያረፈበት መንገድ አይቀርም።»

እኛም ከመተማ ወዲያ፣ ወንዶች ሲከራከሩ፣
በግራ፣ በቀኝ ሲሉ፣ በዱላ አፈር ሲጭሩ፣
አዛለች ተነሳች፣ ልጇን ጀርባዋ አዝላ፣
ፊቷን ወደ ምዕራብ አዞረች፣ ዝም ብላ።
ቀጥሎ የሺመቤት፤
ቀጥሎ እናቴ።
«ጎሽ!» አለ አባቴ።
ተነስተን ሄድን።

«ጥጃ ስትጣራ መንጋው ይመለሳል፤
አንበሳውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ይከበዋል።»
እዚህ ሲደርስ አባቴ ወሬ ይቀይራል።
እኔም አልገፋውም።
በዚያው መንገድ፣ በሦስተኛው ሌሊት፣ ከኋላችን
የሕፃን ድምፅ ሰምተን ነበር።
ሁላችንም ሰምተናል።
አልተመለስንም።

ባለፈው የምርጫ ቀን
(በዚህ አገር ምርጫ ቶሎ ቶሎ ይመጣል)
ፖስታውን ሳጥን ውስጥ ከከተተ በኋላ
አባቴን በመኪና ይዤው መጣሁ ሁላ።
አጥር ተደግፎ ጎሾቹን አያቸው፤
«እነዚህስ በሬ ናቸው» ብሎ ናቃቸው።
ቆይታ አንዲት ላም፣ ቁጥር ዐርባ ሁለት፣
ከጭቃው ተነሳች፣ ማንም ሳይጠራት፤
መኖ ወደሚመጣበት መንገድ አላየችም፤
ወደ ደንገሉ አየች። ተኛች።
ሌላዋ ተነሳች።
አባቴ ኮፍያውን አወለቀ።
በከንፈሩ ቆጠረ፦ ሦስት፣ አራት፣ አምስት…
መንጋው ውሃ እያንቦጫረቀ ወደ ደንገሉ ገባ።

«ጎሽ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደማለት፤
የማንን ስም እንደጠራ ሳላውቅለት።

ቦዩን ዘጋሁ። ትንኙ በዝቷል።
መኪና ሲገባ ጫማው ጭቃ ነበር፤
አላራገፈውም።