ማኅተም

ጊንጆ ታች ቦዩ የነጂባን ልጅ አንድ ጫማ ወሰደ፤
ጎርፉ ወደ አዌቱ እያጫወተው ሄደ።
«ነገስ ልጁን ቢሆን?» አሉ አባ ፊጣ ቆመው።
የመለሰ የለም። ማታ ግን በደጃቸው
ዐሥራ አንድ ሰው ሆንን፣ በርጩማ ተውሰን፣
መዋጮው ስንት ይሁን፣ እሱ ላይ ተጣልተን።
ዘይባ የልጇን ደብተር ገልብጣ፣ በጀርባው
«ቃለ ጉባኤ አንድ» አለች፤ ፊቱ ማባዣ ነው።

ቀበሌ ሦስት ጊዜ፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው።»
«ማኅተማችሁ የታል?» አሉን በአራተኛው።
ነጂባ ከዘንቢሏ፣ ከነእርጥብ ጭቃው፣
የቀረውን ጫማ አውጥታ ደብዳቤው ግርጌ ላይ
አተመችበት።

ቱቦ መጣ፤ አምስት። ስድስት ነበር ያልነው።
በጎደለው በኩል ጎርፉ ዛሬም ያልፋል።
እሑድ ስብሰባ አለ፤
እስክሪብቶ የማምጣት ተራው የኔ ነው።