እንግዳ ያጣ ዓሣ

ካማንቻካው፣ ያ የበረሃ ጉም፣ ከባሕሩ ላይ ሳይነሣ፣
ገበታዬ ፊት ቆሜያለሁ፤ ሥራዬ መሰንጠቅ ነው ዓሣ።
ሠላሳ ዓመት በአንድ ቢላ፣ በአንድ የእንጨት ገበታ፣
ስከፍት ኖርኩ የባሕሩን ጓዳ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

ትል ባየሁ ቁጥር ፈጥኜ በአውራ ጣቴ እጠርጋለሁ፣
ገዢ ዞር ሳትል በፊት ለፔሊካኑ አሽቀነጥራለሁ፤
«ንጹሕ ነው» እላለሁ፣ «የዛሬ ነው» እላለሁ፤
ሁለተኛው እውነት ነው፤ ለመጀመሪያው ንስሐ እገባለሁ።

እንግዲህ አንድ ክረምት ከአንቶፋጋስታ መጣች፣
ዶሚቲላ የምትባል፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች፣
ጠርሙስ የሞላ ሣጥን፣ ማይክሮስኮፕ የታቀፈች፤
«ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ አትጥረጊ፤ የምትጥዪውን ስጪኝ» አለች።
«የምጥለውን?»
«አዎ፣ እሱን።»
ዶን ኔሜሲዮ መረቡን እየጠገነ፦ «ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ይህን?»

ካቢንሳ ነው ዓሣው፤ ብርማ፣ ዓይነ ትልቅ፣
ከዳርቻው ድንጋይ የማይርቅ፣
ሲያወጡት ጥርሱን የሚያፋጭ፣
እንደ ሽማግሌ የሚነጫነጭ።

ዓይኔን መስተዋቱ ላይ አስደፋችኝ፤ አየሁ።
በስንጥቡ ቀይ መጋረጃ መካከል
መልሕቋን የጣለች ጠፍጣፋ ትል፤
ምላሱ ሥር ዓይኗን ያፈጠጠች ነጭ ቅማል፤
አንጀቱ ላይ እሾኻም አፍንጫውን የተከለ፤
ጉበቱ ላይ እንደ ሰዓት ሽቦ የተጠቀለለ።
«ይህኛው» አለች፣ «ዓሣውን መስሎሽ የሚፈልገው?
የባሕር አንበሳ ነው የሚጠብቀው።
መጀመሪያ እንቁላል ነበር፤ ሽሪምፕ ዋጠው፣
ሽሪምፑን ካቢንሳ በላው፤
አሁን ተራውን ይዟል፣
አንበሳው እስኪመጣ ደጅ ይጠናል።»

ለካ አንድ ሆድ አገር ነው! ጭሰኛ አለው፣ ባላባት አለው፣
ሊያድር ብቻ የገባ መንገደኛ አለው።
በልጅነቱ ባዶ ቤት፣ ሲያረጅ የድግስ ዳስ ያህል፤
እንደ እኔ ቤት፦ ልጅ፣ ምራት፣ ኪራይ የማይከፍል አማች እንኳ የሚጠለል።

በሐምሌ መጨረሻ ኔሜሲዮ ወደ ሰሜን ወርዶ፣
የመዳብ ፋብሪካው ቧንቧ ከሚተፋበት ማዶ፣
ሦስት ሣጥን ካቢንሳ አመጣ።
ሰነጠቅሁ። ሌላም ሰነጠቅሁ። ትል ታጣ።
ምላሱ ብቻውን።
አንጀቱ እንደ ታጠበ ጋን።

እኔማ ደስ አለኝ፤ «ዶሚቲላ፣ ነይ እዪ!
ቅዱስ ጴጥሮስ ባረከን፤ ለዛሬ እንኳ አልዋሽም፣ ስሚ!»
ገበያተኛው ተሻማ፤ ከቀትር በፊት አለቀ ሁሉ፣
«እንዲህ ያለ ዓሣ!» እያሉ።

እሷ ግን ባዶ ሳህኗን ወደ ብርሃን አዘነበለች፣
መዝገቧ ላይ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ጻፈች።
መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገች፤
ሳይቆሽሽ ነው የጠረገችው።
«ዶኛ፣ ሽሪምፑ የታለ? ቀንድ አውጣውስ የታለ?
ከዚያ ድንጋይ ላይ የባሕር አንበሳ ያየ ሰው አለ?»
አስታወስኩ። ትንሹ ልጄ ዳዴ ሲል ነበር፣ የመጨረሻው።
አሁን ጢም አለው።
«እንግዳ የሚመጣው መንገድ ሲኖር ነው፤
ይህን ዓሣ ጠያቂ ያሳጣው መንገዱ ፈርሶ ነው።»

በማግስቱ ከራሳችን ድንጋይ የተያዘ ካቢንሳ ቀደድኩ፣
ያ ደጅ ጠኚ እቦታው ነው፤ ቢላዬን ያዝ አደረግኩ።
ገዢዋ አየችው፤ ግንባሯን ቋጠረች፤ «ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?»
አውራ ጣቴ ተነሣ እንደ ልማዱ፤ ቀረ እዚያው ቆሞ።
«የቤቱ ሰው ነው» አልኳት፤ «በደንብ ጥበሺው ብቻ።»
ፔሊካኑ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል ከገበታው ዳርቻ።