ሦስት ሴኮንድ

በመዝገብ ላይ ያለን ኮምፒውተር አሥራ አንድ፣
የሚነሡት አራት — አራተኛው በግድ።
የቀሩት ሰባቱ አቧራቸውን ለብሰው
ቆመዋል፣ አይጦች ገመዳቸውን ጨርሰው።

እኔ የሙዚቃ መምህር ነኝ፣ መሣሪያ የሌለኝ።
አንዲት ክራር ነበረች፤ ለሠርግ ተውሰውኝ
በሁለት ክር መለሷት። ከጥቁር ሰሌዳው በላይ
ተሰቅላ ትውላለች፣ የምናደርገውን ልታይ።

ስለዚህ አንድ ማታ ከሆቴል ደጅ ቆሜ፣
የይለፍ ቃሉን ካስተናጋጅ አፍ ለቅሜ፣
አንድ ፕሮግራም አወረድሁ። ያቺ ክብ ቀለበት
ስትዞር፣ ስትዞር፣ ስትዞር፣ ሆነ ስድስት ሰዓት።
ዘጠና ሰባት ሲደርስ ዝናቡ ጀመረ፤
መቶ ሲሞላልኝ ጫማዬ ውኃ ቋጥሮ ነበረ።

ሰኞ፣ አራተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ፍላሼን ሰካሁ፤
ሃምሳ ስምንቱን ልጅ ለአራት ኮምፒውተር አካፈልሁ።
ሁለት ልጅ ተረፈኝ። «እናንተ መብራቱን ጠብቁ፣
ሲሄድ መልሱት» ብላቸው፣ ሳቁ።

መቶ ሃያ ስምንት የመሣሪያ ድምፅ አለው፤
ፒያኖው ብቻውን ስምንት ዓይነት ነው።
የወፍ ድምፅ አለ፣ የሄሊኮፕተር ድምፅ አለ፣
መጨረሻው ላይ የጥይት ድምፅ አለ።
«ክራርስ?» አለ ሸምሰዲን። ጣቴ ገጹን ፈተለ፤
ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። ክራር የለ። ማሲንቆም የለ።
እኔ የሠራሁት ይመስል አፈርሁ።
«ጥይት እያለው?» አለች አንዷ ከኋላ።
መልስ አልነበረኝም፤ ጠመኔዬን ፈለግሁ።

ጥግ ላይ ግን ቀይ ነጥብ አለች፣ ድምፅ የምትቀዳ።
«ለሐሙስ» አልሁ፣ «ከየሰፈራችሁ፣ ከግቢም ከሜዳ፣
አንዳንድ ድምፅ ይዛችሁ ኑ። ሦስት ሴኮንድ ብቻ፤
ከዚያ ካለፈ ኮምፒውተሩ ያጣል መተንፈሻ።»

ሐሙስ መጡ። የአጎት ስልክ፣ የጎረቤት ስልክ፣
መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ በላስቲክ የታሰረ ስልክ።
ከፈረንጅ አራዳ የባጃጅ ጥሩምባ፤
ከቆጪ የቡና መፈልፈያ፣ ሲያስል ሲያገሳ፤
ከአዌቱ ድልድይ ሥር የእንቁራሪት ጫጫታ።
ሸምሰዲን አህያ ቀድቶ መጣ — የጎረቤት፣ ያለ ፈቃድ።

ዚያዳ ግን መላጊያ።
አባቷ በርጩማ ይሠራል፣ ባለ ሦስት እግር፣
ሂርማታ ገበያ ጥግ፣ ከቆርቆሮ ሱቅ በር።
ሸርርር አለ አንዴ፣ ሸርርር አለ ዳግም፤
ከዚያ ሰው ቀና ሲል፣ ትንፋሽ ሲሰበስብ፣
«ዚያ—»
አበቃ። ሦስት ሴኮንድ።

በላይኛው ቁልፍ ስንነካው አባቷ ሕፃን ሆነ፣
በታችኛው ስንነካው እንደ ነጎድጓድ ገነነ፤
ልጆቹ ተንከተከቱ። እሷም ሳቀች አብራ።
ኋላ ግን ቀረብ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«መምህር፣ ‹ዳ› የምትለው ስልኩ ላይ አለች፤
አንድ ሴኮንድ ቢጨምሩልኝ፣ ትገባለች።»

ደንቡን ያወጣሁት እኔ። በማሽኑ ያሳበብሁት እኔ።
«እንጨምር» ልል አፌን ስከፍት፣ መብራቱ ሄደ።

የመብራት ዘበኞቼ ጮኹ። ምት የሚቆጥረው
ሁለት ላይ ቆመ፣ ሦስትን ሳይጠራው።
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ። መስኮቱ ደመና።
ማን እንደጀመረ አላውቅም፤ ሸርርር አለ አንድ አፍ፣
ሸርርር አለ ሌላው፤ መዳፍ በጠረጴዛ፣
የሁለቱ ዘበኞች እግር በበሩ ደፍ።
ሸምሰዲን አህያውን ሆነ፣ ማንም ሳይጠይቀው።
«ዚያ—» አለ የፊተኛው ረድፍ።
«ዳ!» አለ ክፍሉ ሁሉ።
«አቤት!» አለች ዚያዳ፣ ሳይታወቃት።

መብራቱ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ፤ ልጆቹ ሄደዋል።
ጠፍቷል ብዬ ነበር። ዚያዳ ቀድማ አስቀምጣው ኖሯል።
ከወፉ በታች፣ ከሄሊኮፕተሩ በታች፣
ከጥይቱም በታች፣ መቶ ሃያ ዘጠነኛ ተራ ላይ፣
በአንድ ጣት የተጻፈ፣ መጨረሻው የጎደለ፦
«የአባቴ መላጊ»

ፊደሉን አላረምሁም።
ሴኮንዱን ግን አራት አደረግሁት።