ቦሎውን ሰኞ

አወቱ ድልድይ ላይ፣ ዝናብ ሳያባራ፣
ባጃጅ ተንሸራቶ ሳመኝ በላሜራ።
ጉዳቱ ቀላል ነው፤ በሩ ጎደጎደ፣
ፍሬቻዬ ረግፎ በጎርፍ ተወሰደ።

ልጁ፣ ፈድሉ ይባላል፣ ኪሱን ገለበጠ፤
መቶ ሰባ ብሩን እርጥብ እንዳለ ሰጠ።
«ለነዳጅ ይሁንህ» ብዬ መለስኩለት፤
ደግ ሰው መሰልኩት።
የኔም ቦሎ አልፎበት፣
ትራፊክ ሳይደርስ መሸሼን ማን አውቆት!

ባለጋራዡ ዞራት፤ አንዴ አፏጨ፣ አንዴ ሳለ፤
«በሩ ይቀየራል፣ ጎኑ ሙሉ ይቀባል» አለ።
«ላንተ ስል ልጎዳ፣ ሃያ ሁለት ሺህ ብቻ አምጣልኝ።»
አስተማሪ ነኝ እንግዲህ፤
ገና ያኔ ነው ግጭቱ ያመመኝ።

ጎረቤቴ ሸረፋ፣ በርጩማ ጠራቢው፣
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፦
«ብረት በብረት ሲመታ ይከፋዋል፤
በእንጨት ነው የምታባብለው።»
የበሩን ልባስ ፈታ፣ ብሎኑን ቆጥሮ በቆርቆሮ፤
የፈላ ውሃ ደፋበት፣ ከሚስቱ ድስት ተበድሮ።
በዋንዛ መዶሻ፣ ከውስጥ፣ ቀስ... ቀስ... ቀስ፣
ሕፃን እንደሚያስተኛ፣ ጀርባ እንደሚዳብስ፣
«ቷ!» አለና በሩ ጀመረ ሊተነፍስ።

አሮጌ ፍሬቻ፣ ሰባት መቶ ብር፤
ቀለም በጣሳ ክዳን፣ ሦስት መቶ ብር፤
ሸረፋ የእጁን ዋጋ ገፍቶ፦
«ይልቅ ቦሎህን አሳድስበት፣ ከምትኖር በስውር!»

ቀለሙ አልገጠመም። ነጩ ላይ ሌላ ነጭ፣
ፀሐይ ሲያገኘው እንደ አዲስ ጥርስ ብልጭ።
ፈድሉ ግን ያውቀኛል፤ አጂፕ መታጠፊያው ላይ
ቅድሚያ ይሰጠኛል፣ ያቺን መጣፊያ ሲያይ።
እኔም እንደ ደግ ሰው እጄን አነሳለሁ።

ቦሎውን... ሰኞ እሄዳለሁ።