የሳንቲም ቀበቶ

ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ፣ ጣሊያን ትቶት በሄደ ፎቅ፣
ደረጃው ሰው በረገጠው ቁጥር የሚያቃስት፣ የሚሳቀቅ፣
አንድ ክፍል አለ፤ መስተዋቱ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰነጠቀ፣
ወለሉ ጣውላ፣ በሰው ተረከዝ የደቀቀ።
በሩ ላይ በእጅ ጽሑፍ፦ «የአፍሪካ፣ የዓረብ፣ የቅልቅል ዳንስ፤
ማክሰኞና ዓርብ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስኪመሽ ድረስ።»

እኔ ልጨፍር አልሄድኩም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ከአራዳ፣
ሜትሬን ባንገቴ አጥልቄ፣ ለሥራ የወጣሁ እንግዳ።

ነጂባ ናት የጠራችኝ፣ የአዲስ ዓለም ልጅ። ዘጠኝ ዓመት ቤይሩት
ሰሃን ስታጥብ፣ ከሳሎን ሾልኮ በሚመጣ ከበሮ
ወገቧን በድብቅ ስታስተምር ኖራ፣ ከቧንቧው ውሃ ጋር አብሮ።
«የሁለት ዓመት ደሞዜን በሉት» አለችኝ፣ ሆዷን መታ መታ አድርጋ፣
«ይቺን ግን ሻንጣዬን ቢበረብሩም አላገኟትም።»

ፌስታል ሙሉ ሳንቲም አስረከበችኝ፤ ባለ አምስት፣ ባለ አሥር፣ ባለ ሃያ አምስት፣
ክብሪት የማይገዛ፣ ለማኝ የሚጠየፈው፣ መሳቢያ ጥግ የተረሳ ሀብት።
ሰዓት ጠጋኙ ጋሽ ዋሴ አንድ በአንድ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳልኝ።
«ምን ሊሆን ነው?» አለኝ፣ መነጽሩን ገፋ አድርጎ።
«ሊናገር» አልኩት።
ሳቀ። ሂሳብ ግን አልቀነሰልኝም።

ሰው ለእኔ ቁጥር ነው። ሰባ ሁለት፣ ዘጠና አራት፣ መቶ ስምንት፤
ማን እንደወለደች፣ ማን እንደከሳች፣
ማን ቀሚሷን ለማን ስትል እንዳጠበበች
ሜትሬ ያውቃል። አፉ ግን የተሰፋ ነው።

ስለካ አያለሁ።
እትዬ አዛለች፣ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ጡረታ የወጡት፣
ማስታወቂያውን በከዘራ ጫፍ እየነኩ፦
«የአፍሪካ ዳንስ! ሠላሳ ዓመት ካርታ ሰቅዬ ሳስተምር፣
ጣቴ ጎንደር ላይ ሲያርፍ፣ የት ነበርኩ ኖሯል፣ ልጆቼ? ባሕር?»
ኛማል ሳቀች፣ ከጋምቤላ የመጣችው የሕክምና ተማሪ፤
ዘለለች፣ ጣውላው ጮኸ፤ «መሬትን አትፍሯት፣ መልሳ ታነሣለች።»
ባለ ባጃጁ ጌታሰው ደግሞ፣ ቁልፉ በኪሱ እየተንሿሿ፣
ትከሻው በረዶ የመታው ቆርቆሮ፤
ከወገቡ በታች ግን የፋሲል ግንብ! ነቅነቅ የለ፣ ዘንበል የለ።
«ትከሻችሁ ተናጋሪ ነው» አለች ነጂባ፤ «ወገባችሁ ግን
እንግዳ ሲመጣ ዝም በል እየተባለ ያደገ ልጅ ነው።
አትቆጡት። አባብሉት።»

ቀበቶው ያለቀ ዕለት ይዤው ወጣሁ። መብራት ጠፋ።
በመስኮት በገባ የምሽት ብርሃን ሁሉም ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ጥላ።
«ሰፊዋ ትሞክረው!» አለ አንዱ ከጥግ።
እምቢ ለማለት ስንት ቃል ነበረኝ፤
ዕድሜዬ፣ ጉልበቴ፣ የጎረቤት ዓይን፣
ነጂባ ግን ከኋላዬ ቋጥራው ጨርሳለች።

የሰው ስለካ ሃያ ስድስት ዓመት፣ የራሴን ወገብ አላውቀውም።
«ስምንት ቁጥርን ጻፊ፣ በዳሌሽ።»
ቁጥር ሳነብ ለኖርኩ፣ ጻፊ መባል!
የመጀመሪያው ስምንት ስድስት ሆነ፤ ሁለተኛው ጭራሽ ፊደል ያልቆጠረ።
ሦስተኛው ላይ የስፌት መኪናዬ ፔዳል ትዝ አለኝ፣
ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፤ እግሬ ለካ ምት ያውቅ ኖሯል።
ሳንቲሞቹም መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሦስት፣
ቀጥሎ እንደ ቅዳሜ ገበያ እኩለ ቀን፣ ሁሉም ባንድ አፍ።
ባለ ሃያ አምስቱ ላይ እጃቸውን አንሥተው የቆሙት ወንድና ሴት
ዕድሜ ልካቸውን ለምን እንዳነሡት
ገና አሁን የገባቸው ይመስል።

ስወርድ አንዲቱ ተበጥሳ፣ ደረጃውን እየዘለለች አስፋልት ደረሰች።
ሊስትሮው ልጅ አነሣት፣ ገልበጥ አድርጎ አያት፣ መለሰልኝ፦
«እናቴ፣ ይቺ'ኮ አትሠራም።»
አፌ ላይ የመጣውን ትቼ መርፌዬን ፈለግኩ።
ዓርብ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት፣ መሰፋት አለባት።